ለኩሬው ቀንድ አውጣ ስም ሲፈልጉ ያረፉት የአባታችን የሕይወት ታሪክ

አባታችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በስፌት ቤቱ ጓሮ በነበረች አንዲት ክፍል ተወለዱ። በ1971 ዓ.ም. በሥነ እንስሳት ተመርቀው በቤተ መዘክሩ የቀንድ አውጣና የዛጎል ክፍል ተቀጠሩ፤ ሠላሳ ሰባት ዓመትም አገለገሉ።

በ1979 ዓ.ም. ላገኙት አዲስ የቀንድ አውጣ ወገን ከግሪክ አፈ ታሪክ የባሕር እመቤቷን የአምፊትሪቴን ስም ሰጥተው አሳተሙ። ስሙ በሰማይ ፀሐይን የምትዞር የአንዲት ትንሽ ዓለት፣ የአስትሮይድ፣ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ይህ አይከለከልም። የአንድ የባሕር ትል ስም መሆኑን ግን አላዩም። ሁለት የእንስሳት ወገኖች አንድ ስም አይጋሩምና ተሰረዘባቸው፤ ሌላ ሰው ሌላ ስም አወጣለት። እሳቸው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ባልደረቦቻቸው “ስም አውጪው” እያሉ ቀለዱባቸው።

በ1985 ዓ.ም. የቤተ መዘክሩ ታይፒስት ከነበሩት እናታችን ጋር ትዳር መሥርተው ወንድሜንና እኔን ወለዱ።

ባለፈው ዓመት ከሰፈራችን የውኃ ፓምፕ ጀርባ ባለው ኩሬ ሌላ የማይታወቅ የቀንድ አውጣ ወገን አገኙ። ኩሬው ለመኪና ማቆሚያ ሊደፈን ነበር። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮው ስም ለሌለው እንስሳ የጥበቃ ማመልከቻ አልቀበልም አላቸው። በአንድ ወር የሚያልቅ ሥራ ነበር፤ እሳቸው ግን ዳግመኛ መሳሳትን ፈሩ። አሁንም ከአፈ ታሪክ ስም ይመርጡ ነበር፦ ፕሮቴየስ የኔፕቱን ጨረቃ ነው፣ የዋሻ እንስሳም ነው። ሃይድራ የፕሉቶ ጨረቃ ነው፣ የኩሬ እንስሳም ነው። ሁሉም ተይዟል። እናታችን “አንተ ሰውዬ፣ ለልጆችህ እንኳ በአንድ ቀን ነው ስም ያወጣኸው” ይሏቸው ነበር። እኔም “አባዬ፣ የሰፈሩን ስም ስጠውና ገላግለን” ብዬ ጮኼባቸዋለሁ።

በመጋቢት ጉበታቸውን ታመሙ። የተያዙትን የእንስሳት ስሞች ዝርዝር አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ አነበብኩላቸው፤ ግንቦት 20 ቀን ያልተያዘ ስም ተገኘ። ሦስት ጊዜ አስፈተሹኝ። ገና ስላልታተመ እዚህ አልጽፈውም፤ እሳቸውም አይፈቅዱም ነበር።

ያን ቀን ኩሬው ከተደፈነ ስምንት ቀን ሆኖት ነበር። ወንድሜ ከጭቃው የለቀማቸው ሃያ ሦስት ቀንድ አውጣዎችም በልብስ ማጠቢያ ሳፋችን ውስጥ አልቀዋል። በጠየቁን ቁጥር “ደህና ናቸው” አልናቸው።

ግንቦት 30 ቀን 2016 ዓ.ም. በስድሳ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና አንዲት እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ሲቀበል የኩሬውን ነገር እሱም እንዳይነግራቸው እንለምናለን።