የሳሳው ፀጉሬ ከማን ወገን ነው

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ጠዋት 1፡10

ሰማንያ ሁለት። ትናንት ሰባ አራት ነበር። የቆጠርኩት ማበጠሪያው ላይ ያለውን ብቻ ነው፤ ትራሱን ተይው።

ታውቂያለሽ ደብተሬ፣ ፀጉር በየቀኑ መርገፉ ጤና ነው። ለልጆቹ የማስተምረው እኔው ነኝ። የእኔ ጉድ የሚረግፈው ሳይሆን ያልተመለሰው ነው። መስታወት ፊት ቆሜ መሃል መለያዬን አየሁ። ዓምና ክር ነበረች። ዘንድሮ ትንሿ ጣቴ ትገባበታለች። አናቴ ላይ ያለውም ሳስቷል፤ ብርሃን ያሳልፋል።

የት/ቤቱ ደወል። ሻሽ። ሩጫ። የባጃጁ ሹፌር፣ ሻሽ እንዴት ያምርብሻል ቲቸር አለኝ። ልሰድበው ምንም አልቀረኝ።

10 ሰዓት። ሙሉቀን ደወለ። እጮኛዬ፤ ቡሬ ላይ የከብት ሐኪም ነው። (ከዛሬ ጀምሮ ሙ. ነው የምለው፤ ሙሉ ስሙን ስጽፍ ሆዴ ይባባል።) ሠርጋችን ጥር 17። እህቱ ትርንጎ እዚያው ቡሬ ፀጉር ቤት አላት። የሙሽራዋን ሹሩባ እኔ ነኝ በእጄ የምሠራው፣ ስጦታዬ ነው ብላለች አለኝ፣ ደስ ብሎት። እሰይ አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ሻሼን አጠበቅኩ። ከዓምና ወዲህ እሱ እንኳ ራሴን ገልጬ አላየኝም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ። 7 ሰዓት

ነጭ ሽንኩርት። አዎ፣ ቀባሁት።

ምክሩ የመጣው ከመምህራን ማረፊያ ነው። ስለ ራሴ አልጠየቅኩም፤ አንዲት ጓደኛዬ ብዬ ነው። አንዷ ሬት አለች፣ ሌላዋ የጉሎ ዘይት፣ የሒሳቡ መምህር ጠበል፣ የስፖርቱ መምህር ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር። ከዚህ ሁሉ የያዝኩት የስፖርቱን። ጉድ ነኝ።

ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ፣ አሥረኛ ክፍል፣ ባዮሎጂ። ርዕሱ የዘር ውርስ! ሰሌዳው ላይ አተር እየሣልኩ ራሴ ይቃጠላል። ክፍሉ ሸተተ። አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች፤ መላጣነት ከእናት ነው ከአባት? ከሁለቱም ወገን ሊመጣ ይችላል አልኩ። ወንድ ብቻ ሳይሆን ሴትም ትወርሳለች፤ የወንዱ ከግንባርና ከአናት ይሸሻል፣ የሴቷ ከመሃል ይሳሳል። እንደ ዳዊት አነበነብኩት። ከዚያ ጠመኔው እጄ ላይ ቀረ።

አባቴ ጎፈሬ ነበር። እማስ? የእማን ራስ አላውቀውም። አባቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ። ለሀዘን ተላጨች፤ ከዚያ ወዲህ ሻሿን አላወረደችም። ከዚያ በፊትስ? ከዚያ በፊትም ሻሽ ነበረ።

አናቴ ተልጧል። እንግዲህ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ። 6፡30

በየሁለት ሳምንቱ ከባሕር ዳር እዚህ ፍኖተ ሰላም የሚመጣ የቆዳ ሐኪም አለ። ሄድኩ። ለደም ማነስና ለእንቅርት ዕጢ ምርመራ ደም ሰጠሁ፤ ሁለቱም ደህና። ከዚያ ራሴን በመብራት አየው። በዘር የመጣ ነው አለ። ቆረቆር አይደለም፣ ላሽ አይደለም፣ የሰው ዓይንም አይደለም። ሥሩ ቀጥኗል እንጂ አልሞተም። ሚኖክሲዲል የሚባል የሚቀባ መድኃኒት ጻፈልኝ። በየቀኑ፣ ሳይዘለል። አራት አምስት ወር ሳይሞላ ውጤት የለም። መጀመሪያ ላይ ጭራሽ ሊብስ ይችላል። ካቆምኩት ያተረፍኩት ይሄዳል። ነጭ ሽንኩርቱን ሲሰማ ሳቀ። ተናደድኩ። ቀጥሎ እኔም ሳቅሁ።

ሁለት ነገር ግን አላሳቀኝም። አንደኛው፣ ጥብቅ ሹሩባ ሥሩን እየሳበ ይጎዳዋልና ይቅርብሽ ማለቱ። ሁለተኛው፣ ለማርገዝ ስታስቢ መድኃኒቱን ቀድመሽ ታቆሚያለሽ፣ ባለቤትሽም ይወቅ ማለቱ። ባለቤትሽ ይወቅ! በሁለት ወር ውስጥ የማገባውን ሰው ነው እኮ የሚለው።

ከቤተሰብ ማን አለ ብሎም ጠይቆኛል። አላውቅም አልኩ። የባዮሎጂ መምህርቷ።

ኅዳር 21፣ እሑድ። 10 ሰዓት፣ ሚኒባስ ውስጥ

ጽሕፈቴ ይዘላል፤ መንገዱ ነው። ከማንኩሳ፣ ከእማ ዘንድ እየተመለስኩ ነው።

ጽዮንን አስቀድሰን ቤት ገባን። ሻሼን ፈትቼ አጎንብሼ አሳየኋት። መዳፏን አናቴ ላይ አሳረፈች። ከዚያ በሩን ዘጋችና የራሷን ፈታች። በምላጭ የተላጨ ራስ። ዳር ዳሩን የሁለት ሦስት ቀን ቡቃያ አለ፤ መሃሉ ግን ገላ ነው። ልክ የእኔው መስመር፣ የእሷ ሰፍቶ ሰፍቶ። ገና አንቺን ሳልወልድ ነው የጀመረኝ አለች። የሚያውቀው አባቴ ብቻ ነበር። በር ዘግቶ ቅቤ የሚቀባትም እሱ ነበር።

አገር ያደንቃታል እኮ! ስድስት ዓመት ሙሉ ለባሏ ተላጭታ የኖረች ሴት። ንስሐ አባቷ እንኳ ለሌሎች ባልቴቶች ምሳሌ አድርገው ይጠሯታል።

«ላባትሽ የተላጨሁት እስከ ሙት ዓመቱ ነው ልጀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ለራሴ ነው» አለችኝ።

አለቀስኩ። ተናደድኩም። ብትነግሪኝ ምን ነበረበት አልኳት። ብነግርሽ ያበቅልልሽ ነበር? አለች።

ከዚያ ምክሯ መጣ። ለሠርጉ ዊግ አድርጊ። ከሠርጉ በኋላ መጀመሪያ በሚመጣው የዘመድ ለቅሶ ተላጭ። ከዚያ ማንም አይጠይቅሽም። ለቅሶ እንደሁ አይጠፋም አለች፣ ረጋ ብላ። በዘር ነው እንዳትይ ብቻ፤ አንች በዘር ነው ስትይ ሰው ሁሉ የሚያየው እኔን ነው።

አሁን ምን እየሠራሁ እንደሆነ ልንገርሽ? ዘመዶቼን እየቆጠርኩ ነው። አጎቴ ሳል አለበት። የአባቴ አክስት ዕድሜያቸው ገፍቷል። ይቅር በለኝ ፈጣሪዬ። ለፀጉሬ ብዬ የሰው ሞት እየጠበቅኩ ነው። አፈርኩ። አጎቴን ነገ ደውዬ ስለ ጤናው እጠይቀዋለሁ። ኧረ እሱም ያሳፍራል።

ኅዳር 29፣ ሰኞ። ጠዋት 12፡50

መድኃኒቱን ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት። ባሰበት። መቁጠር ትቻለሁ። ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ቢሆንም ልብ አይሰማም።

ዊግ ሞከርኩ። መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴት የሌላ ሰው ሚዜ ትመስላለች። ዊጉ ወደ ሳጥን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይሉ የለ? እኔ ጭራሽ መድኃኒቱንም ደብቄያለሁ፤ አልጋ ሥር ነው።

ሁሉ ነገር ያበሳጨኛል። መቀመጥም፣ መቆምም። ልነግረው ነው። አልነግረውም። ልነግረው ነው።

ታኅሣሥ 11፣ ቅዳሜ። 9 ሰዓት፣ ቡሬ መናኸሪያ

ነገርኩት!

ጁስ ቤት፣ ጥግ ላይ። ሻሼን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ አሳየሁት። ሙ. ሥራው ላይ እንደሚጠይቀው ጠየቀኝ፤ መቼ ጀመረሽ፣ ያሳክክሻል ወይ፣ ምን ትቀቢያለሽ። ሳቄ መጣ። ላም ሆኜ ቀረሁ። ስለ እርግዝናው ስነግረው ጊዜውን አብረን እናስብበታለን አለ፤ ሌላ ነገር አልጨመረም። ትርንጎንም ላላ አድርጋ እንድትሠራሽ እነግራታለሁ አለኝ። እንዴት ያለ ሰው ነው የሰጠኝ።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ከማን ወገን ነው? በክፋት አልነበረም። ነገ ለልጆቻችን ይጠቅማል ብሎ ነው።

እማ ፊቴ ላይ ድቅን አለች። ከአባቴ ነው አልኩት። እንዲህ ቀላል ነው። የሞተን ሰው ምን ይጎዳዋል ብዬ።

መኪናው አልሞላም። ተቀምጬ ጥፍሬን እበላለሁ። እውነቱን ልነግረው ይኸን ሁሉ መንገድ መጥቼ ዋሽቼው ልመለስ ነው።

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ። 11 ሰዓት

ሁለት ጊዜ ስልኩን አነሳሁ። ሁለት ጊዜ አስቀመጥኩ። ብናገር እማን አዋርዳለሁ። ዝም ብል ውሸት ይዤ አገባለሁ። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ እኔንም ወደ እማ ብልሃት እየሳበኝ ነው። ቀኑ ደግሞ ይሮጣል።

ጥር 15፣ ዓርብ። 8 ሰዓት፣ ማንኩሳ

ቶሎ ቶሎ ነው የምጽፈው። ውጭ ዳስ እየተጣለ ነው። እኔ ጓዳ ውስጥ ጎተራው ጥግ ነኝ፤ ትንሽ ልረፍ ብያቸው።

ትርንጎ ጠዋት መጣች። ሙ. ነው በሞተር ያደረሳት። እሱን ግን ግቢ አላስገቡትም፤ ሙሽራን ከሠርጓ በፊት ማየት ነውር ነው ብለው ዋርካው ሥር አስቀምጠውታል። ጓዳ ውስጥ ስድስት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ። ትርንጎ ሻሼን ፈታች። ሴቶቹ አንገታቸውን አሰገጉ። እጇ ለስላሳ ነው። ላላ አድርጌ ነው የምሠራሽ፣ ከሥሩ አልስብም አለችኝ። ደግ ሰው። ከዚያ ደግነቷ በዛና ለሴቶቹ ታስረዳ ጀመር። ሐኪም አይቷታል፤ በአባቷ ወገን የመጣ ነው፤ ወንድሜ ነግሮኛል አለቻቸው።

እማ ውኃ ልታቀብላት ጣሳ ይዛ ቆማ ነበር። ጣሳውን መሬት አስቀመጠች። አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። ሻሿን ፈታች፣ ስድስቱም ሴቶች ፊት።

«እሱ ጎፈሬውን ይዞ ነው የተቀበረው። ከኔ ነው የወረሰችው። እስከ ዛሬ የምላጨውም ለዚሁ ነው» አለች።

ስድስት ዓመት እማን ስታመሰግን የኖረችው ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች፤ አዝና ይሁን ስቃ አላወቅሁም። እማ ሻሿን መልሳ አላሰረችም። ትርንጎን፣ ቀጥይ እንጅ ልጀ አለቻት። ጣሳውንም አንስታ አቀበለቻት።

እሷን ላድን ብዬ የዋሸሁትን እሷው አፈረሰችው። ያፈረሰችውም ስለ አባቴ ብላ ነው፤ ክብሯን ለእሱ ሰጠችው። ሰው የሚያወራው ሀዘንማ እውነት ነበር። እንዴት እስከ ዛሬ አልገባኝም?

ከስድስቱ ሴቶች ሁለቱ ወጥተዋል። ወሬው ዋርካው ሥር እስኪደርስ ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከሌላ ሰው አፍ አይሰማም። አይሆንም።

ሙሽራ ከጓዳ አትወጣም እያሉኝ ነው። ያውም ራሷን ገልጣ፣ ሹሩባዋ ገና ግማሽ ሳይደርስ። አንዷ በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆማለች። ታሳልፈኛለች። ሻሽ አላስርም። አፌ እንዳይተሳሰር የምለውን እዚሁ ልጻፈው።

ሙሉቀን፣ በአባቴ ዋሽቻለሁ።