የወሰደውን ሜሞሪ ስለማይመልሰው ድራይቨራችሁ

ለተከበሩ የሕፃናት የልብ ምት መከታተያ አምራች ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

ክቡርነትዎ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎና የሕግ ክፍልዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ በራስዎ መሣሪያ የሚለካበት ቀን እንዳይመጣ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ ነኝ። የሕፃናቱ የልብ ምት በነርሶቹ ስክሪን ላይ የሚታየው እናንተ በላካችሁልን ድራይቨር፣ ማለትም መሣሪያውን ከኮምፒውተሩ ጋር በሚያገናኘው ፕሮግራም አማካይነት ነው። ቅሬታዬን በትሕትና እነሆ፦

1ኛ. ድራይቨሩ ገመድ ተነቅሎ በተሰካ ቁጥር ከኮምፒውተሩ ሜሞሪ ይወስዳል፤ የወሰደውን ግን አይመልስም። ሕፃን ሲታጠብም ሆነ እናቱ ስታቅፈው ገመዱ ይነቀላል፤ ሜሞሪው እየተሟጠጠ ሄዶ በመጨረሻ ኮምፒውተሩ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ሊጎዳን የሚሻ ሰውም ገመድ ነቅሎ ከመሰካት የበለጠ ጥበብ አያስፈልገውም። ሳይቃጠል በቅጠል ብዬ ብጽፍላችሁ «አጥፍታችሁ አብሩት» ብላችሁ ስለመለሳችሁልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ. አንድ ረፋድ ስክሪኑ ደረቀ፤ የደረቀው ግን ጤናማ የልብ ምት እያሳየ ነበር። ማንቂያውም የሚጮኸው በዚያው ኮምፒውተር ስለሆነ ዝም አለ። በኮሪደር የሚጣደፈውን ሁሉ ስለምትገሥጽ «ሲስተር ቀስ በሉ» የምንላት ኃላፊ ነርስ ስክሪኑን አይታ ወደ ሌላ አልጋ ዞረች። የአንዷ ሕፃን እናት ግን «ሲስተር፣ የልጄ መልክ ልክ አይደለም» አለቻት። ሲስተር ዞር ብላ ስታይ የሕፃኗ ከንፈር ጠቁሯል፤ ትንፋሽ የለም። ያን ዕለት ሲስተር ራሷ ሮጠች። ሕፃኗም ተረፈች።

3ኛ. የላካችኋቸው መርማሪ ጥፋቱ «የነርሷ ቸልተኝነት» ነው ብለው ጻፉ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታና ሲስተር ከሥራ ታገደች። ቤቷ ሄጄ ስጠይቃት «እኔን የሚቆጨኝ ስክሪኑን ማመኔ ነው» ብቻ አለችኝ። መርማሪው ድራይቨሩን አንዴም ሳይከፍቱ እውነቱን ስለደረሱበት ፍጥነታቸውን አደንቃለሁ።

4ኛ. ጉድለቱን ለማንም ብናገር እንደምከሰስ የሕግ ክፍልዎ በጨዋ ቋንቋ ስላስጠነቀቀኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። በማግስቱ ሐኪሞቹን ሁሉ ሰብስቤ፣ በፊታቸው ገመዱን እየነቀልኩ ሰካሁት፤ ዓይናቸው እያየ ስክሪኑ ደረቀ። ሲስተር ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። መሣሪያዎቻችሁን ከየአልጋው አንስተን መጋዘን አስገብተናል፤ መጥታችሁ ውሰዱ። ይህንም ደብዳቤ መሣሪያችሁ ላለበት ሆስፒታል ሁሉ ልኬዋለሁ።

ዝምታዬን በማስፈራሪያ ለመግዛት ለደከማችሁት ድካም ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ እንደታዘዝኩት ዝም ያላልኩት፣

የሕፃናት ክፍል የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ

ማሳሰቢያ፦ ክሱን ሲመሠርቱ ሰፋ ያለ ችሎት ይጠይቁልን። የክፍሉ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ለምስክርነት እንደሚመጡ ነግረውኛል።