ፈሪ የተባለውን ፈረስ ለዝላይ ያበቁት የአቶ ዓምደሚካኤል ወልደየስ የሕይወት ታሪክ

አቶ ዓምደሚካኤል ከአባታቸው ከአቶ ወልደየስ ተገኘ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ወለተሥላሴ በላይ በ1953 ዓ.ም. እንጅባራ አጠገብ ተወለዱ። አባታቸው ስመ ጥር ፈረሰኛ ስለነበሩ አገሬው በስማቸው ሳይሆን በፈረሳቸው ስም “አባ ነጎድ” ይላቸው ነበር። ልጃቸውም እንዲህ ያለ የፈረስ ስም ለራሳቸው ሲመኙ ኖሩ።

እስከ ስምንተኛ ክፍል እዚያው ተምረው በ1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ፈረሰኛ ፖሊስ ገቡ፤ ፈረስ በማሠልጠንም ዐሥራ ሁለት ዓመት አገለገሉ። መንግሥት ሲለወጥ ተሰደው በ1985 ዓ.ም. ሆላንድ ገቡ። በ1989 ዓ.ም. ከወ/ሮ የትነበርሽ አያሌው ጋር ተጋብተው ናኦልንና ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችውን ሩቲን ወለዱ። ሮተርዳም መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲሸከሙ ሃያ ዓመት አለቀ።

በ2006 ዓ.ም. ዘ ሄግ ዳርቻ አንድ የፈረስ ማሠልጠኛ ቀጠራቸው። ኮንትራቱ “ጋጥ ጠራጊ” ይላል። እሳቸው ፈረስ ደግመው በማየታቸው ደስ ብሏቸው ፈረሙ።

የማሠልጠኛው ባለቤት በካውቦይ ስልት የተገራ ዳማ ፈረስ ገዝቶ ለልጁ ለማርሌን ለዝላይ ውድድር ሰጣት። ፈረሱ ግን መሰናክሉ ሥር ሲደርስ ቀጥ ይላል፤ ልጅቱ ተስፈንጥራ ትወድቃለች። ፈሪ ነው ተባለና ሊሸጥ ሆነ። አቶ ዓምደሚካኤል አካፋቸውን ተደግፈው ሦስት ቀን አዩት። “ፈረሱ አልፈራም፤ ልጅቱ ቁም ስትለው ነው የቆመው” አሉ። በካውቦይ ስልት ጋላቢ ወደ ኋላ ተደላድሎ ሲቀመጥ ቁም ማለቱ ነው፤ ማርሌን ደግሞ በፈራች ቁጥር ኮርቻው ላይ ትዘፈዘፍ ነበር።

ሽያጩ ቀረ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ ጋጡን ጠርገው ሲጨርሱ መሬት ላይ እንጨት እየደረደሩ መጀመሪያ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ አለማመዱት። ላላ ያለ ልጓም የለመደው ፈረስ የጋላቢን እጅ ሳይፈራ እንዲቀበል አደረጉ። ልጅቱንም ተረከዟን ዝቅ አድርጋ ከኮርቻው ቀለል እንድትል፣ ሲዘል እጇን ወደ አንገቱ እንድትለቅለት አስተማሯት። ፈረሱን ልባም አሉት። ከባለቤቱ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በውድድሩ ቀን በድምፅ ማጉያው አሠልጣኝ ተብሎ ስማቸው እንዲጠራ። እሺ ተባሉ።

በ2010 ዓ.ም. አምስተርዳም ላይ ልባም አንድ እንጨት ሳይነካ አንደኛ ወጣ። አቶ ዓምደሚካኤል የሠርጋቸውን ሙሉ ልብስ ለብሰው ቆመዋል። አሠልጣኝ ተብሎ የተጠራው ባለቤቱ ነው። እሳቸውን የፈረሱን ብርድ ልብስ አስይዘው ከፎቶው ፈቀቅ በልልን አሏቸው። ፈቀቅ አሉ። አይ የኛ አባት! እኛ ልጆቻቸውም አልነበርንም። ነይ ብለው ሲለምኗት ሩቲ በስልክ፣ “አባዬ፣ አንተ ጋጥ ስለምትጠርግ እኔ ከሥራ ልቅር?” ብላቸዋለች። ይህ ሳይጻፍ እንዲቀር አልፈለገችም።

ልባም በዓመቱ ተሸጠ። አቶ ዓምደሚካኤል ስለ ፈረስ ቤት ውስጥ ዳግመኛ ሳያነሱ አምስት ዓመት ጠረጉ። በቆሽት ካንሰር ስምንት ወር ታመው በተወለዱ በ64 ዓመታቸው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ሮተርዳም ውስጥ ዐረፉ። ባለቤታቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ትተዋል።

ከማሠልጠኛው የመጣው የአበባ ጉንጉን “ለታማኝ ጠራጊያችን” ስለሚል ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ትተነዋል። ማርሌን ከኋላ ተቀምጣለችና የሚቀጥለው በደችም ይነበብ፦ ያን ፈረስ ያሠለጠኑት፣ አንቺንም መጋለብ ያስተማሩሽ፣ እዚህ የተኙት አቶ ዓምደሚካኤል ወልደየስ ናቸው።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእናታችን ጽናቱን ይስጥልን።

አባ ልባም፣ ዘግይተን ጠራንዎት። ይቅር ይበሉን።