በጭብጨባ የተወሰደችው ፒካፕ

ለክቡር የጋራ ማምረቻ ሼዶች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ድሬዳዋ

ጉዳዩ፦ አስረክበሃል ስለተባልኩትና ስላላስረከብኩት መኪና

ክቡር ሆይ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በዚህ ሙቀት ቀኑን ሙሉ የሚደክመው የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም እንደምን ከርማችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከጉልበቴ፣ ከወገቤና ከእርስዎ ጽሕፈት ቤት በቀር የሚያስቸግረኝ የለም።

ከሥራዎ ብዛት የተነሳ ዘንግተውኝ እንደሆነ ራሴን ላስተዋውቅ። ስሜ አለምብርሃን ይባላል። በባቡር ወርክሾፕ በብረት መቅረጫው ማሽን በቶርኖ ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ አሁን በእርስዎ ሥር ካሉት ሼዶች በአንዱ ከሁለት አናጢዎች፣ ከአንድ በር በያጅና የመኪና መቀመጫ ከምትሰፋው ከሳሕራ ጋር ተጋፍቼ የምሠራ ሰው ነኝ። በቢሮዎ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ትልቅ ፎቶግራፍ ውስጥ ጎንበስ ብሎ የሚታየው መላጣ እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ቀደም ሲል በታሸገ ፖስታ ያስገባኋቸው ሦስት ደብዳቤዎች እጅግ በጥንቃቄ ከመቀመጣቸው የተነሳ እስካሁን የከፈታቸው ሰው ባለመገኘቱ ነው። ለጥንቃቄው አመሰግናለሁ።

ነገሩ ስለ ፒካፗ ነው። ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ወዳጄ ዐብዲገኒ ዕድሜውን ሙሉ በድሬዳዋና በደወሌ መካከል ጭነት ሲያመላልስ የኖረ ሾፌር ነው። ከአባቱ የወረሳት አንዲት ፔጆ 404 ፒካፕ ነበረችው፤ ሞተሯ ነክሶ ግቢው ውስጥ ከቆመች ብዙ ዓመት ስለሆናት ዶሮዎቹ ያድሩባት ነበር። ከአራት ዓመት በፊት በገመድ አስጎትቶ ሼዳችን ድረስ አመጣትና ሊብሬዋን ከነላስቲኩ እጄ ላይ አስቀምጦ፣ እንደመሰለኝ እንዳደርጋት ነገረኝ። ወረቀት አልተፈራረምንም። ያኔ ሃያ ሰባት ዓመት ጓደኛ ሆነው የኖሩ ሰዎች ምን ብለው ይፈራረማሉ?

ውጭ አገር ሆት ሮድ የሚሉትን ዓይነት መኪና ልናደርጋት ተነሳን፤ አካሏ የድሮ፣ ሞተሯ ጉልበተኛ፣ ሆዷ መሬት ሊነካ የደረሰ። ጣሪያዋን አራት ጣት ያህል ቆርጠን ዝቅ አደረግነው። ከተገለበጠ ቶዮታ የወጣ ሞተር አስገባንላትና አላፊ አግዳሚው እንዲያየው ኮፈኗን ጨርሰን አነሳነው። የማይገኘውን ዕቃ ሁሉ እኔ በቶርኖ አወጣሁት፤ ሳሕራ መቀመጫዋን በቀይ ቆዳ ሰፋችው፤ ዐብዲገኒ ደግሞ በስልሳ ስምንት ዓመቱ ከሥሯ ተንጋሎ ዝገቷን ፋቀ። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ውሃው ሼዳችን በገባበት ክረምት፣ በክሪክ አንስተን ከሥሯ ግንድ እስክናስገባላት ድረስ እስከ ጉልበቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ ደግፎ የያዛት እሱ ነው። ምኞታችንም አንድ ብቻ ነበር፤ ሥራዋ ሲያልቅ ዐብዲገኒ የአባቱን መኪና ሁርሶ ድረስ ነድቶ እንዲመለስ፣ እኔም ከጎኑ እንድቀመጥ።

ከዚህ በታች አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ፤ በቁጥር ያልቀረበ ነገር ጽሕፈት ቤትዎን እንደማይገባው መዝገብ ቤትዎ በትህትና አስረድቶኛልና።

1. ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሦስቱ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያዎች ላመሰግንዎ እወዳለሁ። በሦስቱም ላይ ፒካፗ «ቦታ ያጣበበ ጥቅም የለሽ ቁርጥራጭ ብረት» ተብላ የተገለጸች ሲሆን፣ በአሥር ቀን ውስጥ ካላነሳኋት ከሼዱ እንደምባረር በቀይ ተሰምሮበታል። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ የደረሰኝ ሐሙስ ነው። ሰኞ ዕለት ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡ ክቡር እንግዳ ሼዶቹን ሲጎበኙ ሌላውን ሁሉ አልፈው ፒካፗ ፊት ቆሙና ይቺ ደግሞ ምንድን ናት ብለው በአድናቆት ሲጠይቁ፣ እርስዎ ለአፍታ እንኳ ሳያመነቱ ጽሕፈት ቤታችን ያስተባበረው የፈጠራ ሥራ ነው ብለው መለሱ። ከሐሙስ እስከ ሰኞ ባሉት ቀናት ብረቱ ይህን ያህል መለወጡን እኔ ሠሪው እንኳ አላስተዋልኩም ነበር።

2. እንግዳው መሪዋን ይዘው እንዲቀመጡ ቁልፉን እንድሰጣቸው በጆሮዬ ያንሾካሾኩልኝ እርስዎ ነዎት። እናቴ ለትልቅ ሰው ዕቃ በአንድ እጅ አይሰጥም ብላ ስላሳደገችኝ፣ እጄን በጨርቅ ጠርጌ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ቁልፉን በሁለት እጄ አቀረብኩ። ፎቶግራፍ ተነሳ። የመጡት ሁሉ አጨበጨቡ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አብሬ አጨበጨብኩ። በሦስተኛው ቀን ያው ፎቶግራፍ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከሥሩ «የሼዱ አባላት በራሳቸው ተነሳሽነት መኪናዋን ለጽሕፈት ቤቱ ሲያስረክቡ» የሚል አነበብኩ። ቃለ ጉባኤውን ጠይቄ ሳየው ርክክቡ «በሙሉ ድምፅ በጭብጨባ ጸድቋል» ተብሎ ተጽፏል። አላስረከብኩም ብዬ ብሟገትም፣ በሁለት እጄ መስጠቴና ጥርሴ መታየቱ ማንም ያላስገደደኝ ለመሆኑ ማስረጃ መሆኑ ተነገረኝ። እጄ ላይ የነበረውን ግራሶ ለጠረግኩበት ጨርቅ አዝናለሁ፤ በአንድ እጅና በቆሸሸ እጅ ሰጥቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ክርክር ይኖረኝ ነበር።

3. የዐብዲገኒን አባት ስም የያዘውን ሊብሬ ይዤ በመጣሁ ጊዜ ባለሙያዎ ወንበር ሰጥተው ስላስተናገዱኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ሊብሬውን ገልጠው በትዕግሥት እንዳስረዱኝ፣ በሊብሬው ላይ ያለችው መኪና ነጭ ናት፤ ይቺ ሰማያዊ ናት። የዚያችኛዋ የሞተር ቁጥር ሌላ ነው። ቁመቷም ከዚህች ይበልጣል። ስለዚህ የዐብዲገኒ መኪና የለችም፤ ያለችው ደግሞ የዐብዲገኒ አይደለችም። አንድ ብሎን በለወጥን ቁጥር ከእጃችን እየወጣች መሆኑን ማን ነግሮን! ብናውቅማ ኖሮ ዝገቷንም ባልነካን፣ ዶሮዎቹንም ባላስነሳን።

4. ይህኛውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ፒካፗ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ በሲሚንቶ መደብ ላይ ቆማ የሥራ ፈጠራ ምልክት እንድትሆን ሲወሰን፣ ማንም እንዳያንቀሳቅሳት ቸርኬዎቿ ከመደቡ ብረት ጋር እንዲበየዱ ታዘዘ። ከእኔ የተሻለ የሚያውቃት ስለሌለም ሥራው ለእኔ ተሰጠ። እንዲህ ያለ እምነት ስለጣሉብኝ አመሰግናለሁ። እውነቱን ልናገር፤ እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው እንደሚመጣ፣ የሚመጣውም ሰው ቀለሟን እንደሚያቃጥለው አወቅሁ። ያን ቀለም ስድስት ጊዜ ነው የቀባናት። ስለዚህ በጎኗ ላይ እርጥብ ጨርቅ እያለበስኩ አራቱንም ጎማዋን በገዛ እጄ ከመሬት ጋር አሰርኳት። ብየዳው ጥሩ ብየዳ ነው። የብየዳ መነጽሬን ወደ ላይ ሳነሳ ዐብዲገኒ ከመንገዱ ማዶ ኒም ዛፍ ሥር ቆሞ ያየኝ ነበር። ተጠራጥሬ እንደገና ቀና ስል ሄዷል።

5. እርስዎ ከሌላ ቦታ ተሹመው ስለመጡ እንደሚገርምዎ አልጠራጠርም፤ በዚህች ከተማ ሽማግሌውም ሹሙም በስሙ ነው የሚጠራው። አቶ የሚለው ቃል የሚኖረው ቢሮ ውስጥና የፍርድ ቤት መጥሪያ ላይ ነው። ዐብዲገኒ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አለሜ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ከብየዳው በኋላ ባለው ሳምንት ቀፊራ ገበያ በር ላይ ተገናኘን። ሸሽቶኝ ቢያልፍ ወይም ቢሰድበኝ ምንኛ ጥሩ ነበር! ቆሞ ጨበጠኝ፣ ስለ ጉልበቴ ጠየቀ፣ ስለ ልጆቼ በየስማቸው ጠየቀ፣ ከዚያም «በል ደህና ዋል፣ አቶ አለምብርሃን» ብሎኝ ባጃጅ ውስጥ ገባ። ሳሕራ እኔ እንዳልሰጠሁ ልታስረዳው ቤቱ ድረስ ሄዳ ነበር። «ፎቶውን አየሁት፣ ሲበይድም አየሁት፣ ዓይኔን ልካደው ወይ?» ብሎ ነው የመለሳት። ምን ትበለው? እኔ ራሴ በእሱ ቦታ ብሆን አላምንም ነበር።

ክቡር ሆይ፣ መኪናዋን መልሱልኝ አልልም። ያን ያህል ተስፋ የለኝም፤ ብየዳዬንም አውቀዋለሁ። የምለምነው አንድ መስመር ጽሑፍ ነው፤ «አለምብርሃን መኪናዋን አልሰጠም» የሚል፣ ከሥሩ ፊርማ፣ ከፊርማው አጠገብ ክብ ማህተም። ለዐብዲገኒ አሳየዋለሁ፤ ሌላ ምንም አላደርግበትም። ይህንኑ በቃል ስጠይቅ ጽሕፈት ቤትዎ የሰጠኝ መልስ፣ ደብዳቤ የሚጻፈው ስለተደረገ ነገር እንደሆነና ስላልተደረገ ነገር የሚሆን ፎርም እንደሌለ ነው። እጅግ ጥሩ መልስ ነው፤ እንዲያው ያልተደረገው ርክክብ በየትኛው ፎርም እንደተጻፈ ቢነግሩኝ በዚያው እሞላው ነበር። አሁን የሚሰማኝን በግልጽ ልጻፍ። አፍሬያለሁ። በሰፈሬ አንገቴን ደፍቼ ነው የምሄደው፤ ያልሠራሁት ነገር በፎቶግራፍ ሲታይ ምን ብዬ እንደምክድ አላውቅም። በጽሕፈት ቤትዎ በር ባለፍኩ ቁጥር እሷን አያታለሁ፤ ዘበኛው ደግሞ እንኳን ደስ አለህ ይለኛል።

ደብዳቤዬን ለሚቀበሉበት ትዕግሥት፣ ለሚሰጡኝ ቀጠሮ፣ ቀጠሮው ሲደርስም ለሚሰጡኝ ሌላ ቀጠሮ ከወዲሁ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንዳይነቀንቅብዎ፣ ማህተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ከበላይ የሚመጣ እንግዳም በደስታ ተቀብለውት በደስታ እንዲመለስልዎ እመኛለሁ።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
አለምብርሃን
በመዝገብዎ የለጋሾች ዝርዝር ላይ ተራ ቁጥር አንድ

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው
ለዐብዲገኒ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ከመለጠፌ በፊት ግልባጩን ይዤ ዐብዲገኒ ቤት ሄድኩ። ዓይኑ ደቃቅ ጽሑፍ ስለማያይለት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኔው አነበብኩለት። ስጨርስ «ወላሂ ጥሩ ደብዳቤ ነው፣ አቶ አለምብርሃን፤ ግን መኪና የተቀማ ሰው እንዲህ ያመሰግናል እንዴ?» አለኝና በር ድረስ ሸኘኝ። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ እንደገና ለመጻፍ አቅም ስላጣሁ፣ ከላይ አመሰግናለሁ ያልኩበትን ሁሉ እርስዎው ይሰርዙልኝ። ክቡር የሚለውንም ይሰርዙልኝ። ሌላውንም ሁሉ ቢሰርዙት ቅር አይለኝም፤ አንዱን ብቻ ይተዉልኝ፦ እኔ ፒካፗን አልሰጠሁም።