የሀንዱራዬ ቡና

መጋቢት 4፣ ከሰዓት

የምንሸጠውን ሳምቡሳ ጠቅልዬ መጨረሴ ነው። እጄ ዘይት ነው፤ ደብተሬ፣ ገጽሽን ካቆሸሽኩ ይቅር በይኝ። ዛሬም ዝናብ የለም። ሬዲዮው ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲያወራ ጆሮዬን አቀናሁ። እማ መንዙማ ወዳለበት አዞረችው። ሙቀቱን ወጥተን እያየነው ምን ይነግሩናል ትላለች።

ድሮ በዚህ ወር ከቺሮ በላይ ያሉት ተራሮች ጉም ይለብሱ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት ከማቋረጤ በፊት፣ ጠዋት ወደ ት/ቤት ስንሄድ የሚታየኝ ከፊቴ ያለችው ልጅ ቀይ ቦርሳ ብቻ ነበር። አሁን ከበራችን ሆኜ ተራራው ላይ ያሉትን ፍየሎች እለያለሁ።

መጋቢት 8

የአያቴ ቡና ያለበት በደሳ ትዝ ይለኛል። አያቴ በሕይወት ሳለ። በልጉ በጣለ በሳምንቱ ቡናው ባንድ ሌሊት ነጭ ይሆናል። ሽታው ቤት ድረስ ይመጣል። ልጆቹ ሲንጫጩ አያቴ "ቀስ! አበባው ይደነግጣል" ይላል። እኔ ዝምተኛ ስለሆንኩ ቡናው መሃል ይዞ የሚገባው እኔን ነበር። እጄን ይዞ።

ከዋንዛው ሥር ያሉት ቡናዎች የእኔ ናቸው። ሀንዱራዬ። ስወለድ እትብቴን እዚያ ቀብሮ ሰጠኝ። ለሌላ ልጅ ጥጃ ይሰጣል፣ ለእኔ ቡና። ሀንዱራ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይነካም።

ዘንድሮ ቡናው በጥር አበበ አሉ። ያለጊዜው ጠብ ባለ ዝናብ ተታልሎ። ከዚያ ፀሐይ። ረገፈ።

መጋቢት 13፣ ከመግሪብ በኋላ

አጎቴ ከበደሳ መጣ። ከአያቴ ሞት ወዲህ መሬቱ በእሱ እጅ ነው። ቤታችን በርጫ ነበር፤ ጎረቤቶች ጫት ይዘው ተቀምጠዋል። እኔ ውሃ አቀርባለሁ። ወሬው ሙቀት ነው። አንዱ ቺሮ ድሬዳዋ ሆናለች፣ የቀረን ሽርጥ ብቻ ነው ይላል። ዝናቡስ የት ቀረ ሲባል ሹፌሩ ጎረቤታችን፣ "ኬላ ላይ ተይዞ ነው! ኮንትሮባንድ ነው ብለውት!"

ሳቅ በሳቅ። ማንም ምን እናድርግ አይልም። ንድድ አልኩ። ጆጉን ይዤ ወጣሁ።

ወዲያው ተጠራሁ። አጎቴ ቡናውን ሁሉ ነቅሎ ጫት ሊተክል ነው። ዋንዛውንም ሊቆርጥ። ቡና ዝናብ ይጠብቃል፣ ጫት ግን ከምንጩ በሞተር እየሳቡ ቢያጠጡት ይበቅላል ይላል። "ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ በሀንዱራሽ ፋንታ ጊደር እሰጥሻለሁ። ምን ትያለሽ?"

ሁሉም ያየኛል። አቀረቀርኩ።

"የሴት ልጅ ዝምታ እሺ ነው" አለ ሹፌሩ። እጃቸውን ዘርግተው ዱዓ አደረጉ። አሚን። አለቀ።

መጋቢት 14

ሥራ አልያዝልኝ አለ። ሳምቡሳው አረረ። እሺ አላልኩም ብዬ ለእማ ነገርኳት። ያኔ አፍሽ የት ነበር አለችኝ። ዱዓ የተደረገበትን ማፍረስ ነውር ነው። ደግሞስ ያንቺ ጥቂት ቡና ዝናብ ያመጣል? አለችኝ።

አያመጣም። አውቃለሁ። ግን የበደሳ ሰው ሁሉ የእኔ ዋንዛ ምን ያመጣል እያለ ቆረጠ። ትናንት በሳቃቸው ተናድጄ ነበር። የእኔ ማቀርቀርስ ከሳቃቸው በምን ይሻላል?

አያቴ ቢኖር ማንም አይጠይቀኝም ነበር። መልሱን ከፊቴ ያነበው ነበር።

መጋቢት 15፣ ጠዋት

ደወልኩለት!

"ማን ልበል?" አለ አጎቴ። ድምፄን አያውቀውም።

ስሜን ነገርኩት። እሺ አላልኩም፣ ጊደሯን አልፈልግም አልኩት። ሳቀ። በዱዓ ያለቀ በስልክ አይፈርስም፣ ነቃዮቹ ነገ ይገባሉ፣ የምትይው ካለሽ ሽማግሌ ፊት ቀርበሽ በይ አለኝ። እንደማልመጣ እርግጠኛ ነው።

ነገ በመጀመሪያው ሚኒባስ በደሳ እሄዳለሁ። እማ አልመረቀችኝም፣ አልከለከለችኝምም። ግን ቅድም ሳምቡሳውን ለጎረቤት አደራ ስትሰጥ ሰማኋት። የሁለት ሰው ስንቅ እየቋጠረች ነው።

ቡናዎቹ በዝናብ እጦት ይደርቁ ይሆናል። በእኔ እሺታ ግን አይነቀሉም። ሽማግሌዎቹ ተናገሪ ሲሉኝ መጀመሪያ የምለው "ዝምታዬ እሺታ አልነበረም" ነው።