ሪቫን የሚጠብቀው ቫይታሚንና የሸዋነሽ ቄቦች

ለክቡር አቶ ተክለብርሃን
የ«ለምለም ጓሮ» የዶሮ ርባታ ፕሮጀክት አስተባባሪ
ዲላ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ዓይንዎ በደንብ ያያል? ጉልበትዎስ የቢሮዎን ደረጃ ያወጣዎታል? ለወግ ያህል እንዳይመስልዎ፤ ሰሞኑን በሰፈራችን ዓይኑንና እግሩን ያልታመመ ፍጥረት ማግኘት ስለቸገረን ከልቤ ነው የምጠይቅዎ።

እኔ ቄብ የተረከብነው ሴቶች ሰብሳቢ፣ ወሬ ወዳዷ መሰለች ነኝ። ቄቦቹ በመኪና የመጡ ዕለት ከሁሉ አስበልጬ እልል ያልኩት እኔ ነበርኩ። እውነቱን ለመናገር ዛሬም ሳስታውሰው ደስ ይለኛል፤ ደስ መሰኘት ሲፈጥረኝ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፣ ስለ ሥልጠናው እናመሰግናለን። ባለሙያችሁ ቦንቱ አስረድታ አትጠግብም። ዶሮ ቫይታሚን «ኤ»ን ከአረንጓዴ ቅጠል ታገኛለች፤ ያጣች እንደሆነ ዓይኗ አብጦ በአይናር ይጣበቃል፣ ያገኛትን በሽታ ሁሉ መቋቋም ያቅታታል። ቫይታሚን «ዲ»ን ደግሞ ፀሐይ ስትሞቅ ሰውነቷ ራሱ ይሠራዋል፤ እሱ ከሌለ የበላችው ካልሲየም አጥንቷ ውስጥ አይገባም፣ እግሯ ይጎብጣል። ቤት የተዘጋባት ዶሮ ግን ሁለቱንም ከፓኬቱ፣ በውሃ ተበጥብጦ፣ ልታገኝ ይገባል አለችን። እኛም ጻፍን፣ አጨበጨብን። አላወቅንም ነበር ብዬ እንዳላመካኝ ያደረገኝ ይኸው ሥልጠና ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ።

ሁለተኛ፣ ስለ መመሪያው። ቄቦቹ በሽታ እንዳይለክፋቸው ከቤት እንዳይወጡ፣ የጓሮ ቅጠልም እንዳይቀምሱ አዘዙን፤ እሺ ብለን ዘጋንባቸው። እንሰትና ቡና ሥር ዶሮ ሲጭር እያየ ላደገ የጌዴኦ ሰው፣ ጎመኑ በደጁ ሞልቶ ዶሮውን በፉርሽካና በነጭ በቆሎ ብቻ ማኖር ምን ያህል እንደሚከብደው እርስዎም አይጠፋዎትም። ፕሮጀክቱን «ለምለም ጓሮ» ብሎ ለሰየመው ሰው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ፤ ቀልድ ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ቫይታሚኑን ስላከበራችሁት። ዓይናችን እያየ ከቄቦቹ ጋር ከአንድ መኪና ወረደ፤ ቄቦቹ ወደየቤታችን ሄዱ፣ እሱ መጋዘን ገብቶ ተቆለፈበት። ብንጠይቅ፣ የክብር እንግዳ መጥቶ ሪቫን ሳይቆርጥ አንድም ፓኬት አይነካም ተባልን። ቄቦቹማ እናንተ ዘንድ ቢቆዩ መኖ ይጨርሳሉና ሪቫን ሊጠብቁ አልቻሉም። እንግዳውን አንዴ ስብሰባ ያዛቸው፣ አንዴ ዝናብ መንገዱን አበላሸባቸው፣ አንዴ ደግሞ እሳቸው ሊመጡ ሲሉ ባነሩ አልደረሰም። ዶሮ የሚሏት ፍጥረት ግን ፕሮግራም አይገባትም፤ ዝም ብላ ታድጋለች፣ አጥንቷም ባለው ነገር ይሠራል፤ የሌለ ነገር ሲሆን ደግሞ እንዲሁ ይጎብጣል።

አራተኛውን ለሌላ ጊዜ ላስተላልፈው ፈልጌ ነበር፤ ምክንያቱም የሚመለከተው እርስዎን ብቻ አይደለም። ጎረቤቴ ሸዋነሽ ባሏን ከቀበረች ገና ዓመት አልሞላትም። ቄብ አልፈልግም፣ አልችልም ስትል እየገፋፋሁ ያስመዘገብኳት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት ብሄድ ቄቦቿን ፀሐይ ላይ አውጥታ ጎመን እየቀነጠሰች ትሰጣቸዋለች። «ሸዋዬ፣ ልታስገመግሚኝ ነው እንዴ? መመሪያ አለ እኮ!» ብላት፣ «አንቺ መሲ፣ ፀሐይ መሞቅም በመመሪያ ሆነ?» አለችኝ። ሳቅሁ። እየሳቅሁ ቄቦቹን በገዛ እጄ ወደ ውስጥ ነድቼ በሩን ዘጋሁት። ቫይታሚኑ ዛሬ ነገ ይደርሳል፣ በእኔ ይሁንብሽ አልኳት፤ ከዚያ በኋላም ባለፍኩ ቁጥር በሩ መዘጋቱን ሳላይ አልሄድም ነበር። እንዲህ ያለ ታማኝ ሰብሳቢ ከየት ታገኛላችሁ?

አሁን የሸዋነሽ ቄቦች ገሚሶቹ ሞተዋል። ከቀሩት ዓይናቸው የተጣበቀ አለ፤ ቆመው መሄድ አቅቷቸው በቁርጭምጭሚታቸው የሚድሁም አሉ። እሷ እንደሁ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። እንዲያውም ትናንት ከጓሮዋ አቮካዶ ላከችልኝ። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ አታላዩን ለእርስዎ ትቼ፣ መጫኛውን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን በአደባባይ እጽፋለሁ።

ስለዚህ ሳላስፈቅድዎ ቤት ለቤት ዞሬ በሮቹን አስከፍቻለሁ፤ ጎመንም እንዲሰጡ ተናግሬያለሁ። የአንዳንዶቹ ዓይን መገለጥ ጀምሯል። የጎበጠው እግር ግን ከእንግዲህ አይቃናም ብላናለች ቦንቱ።

በዚህ መሀል ነው እንግዲህ ሞዴል አርቢ ብላችሁ የመረጣችሁኝ። በሚመጣው ሳምንት ገደብ ወረዳ ሄጄ፣ ቄብ ለሚረከቡ የዚያ ሴቶች ልምድ እንዳካፍል የጻፉልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። ክብሩን በደስታ ተቀብያለሁ። ሸዋነሽንም አብራኝ እንድትሄድ ለምኛት፣ «እኔ ምን እናገራለሁ? ዶሮዋ ራሷ ትናገር» ብላ አንዷን ሰጥታኛለች፤ በቅርጫት ይዣት እሄዳለሁ። ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫት፣ እህቶቼ፣ ፓኬቱ እጃችሁ ሳይገባ በር አትዝጉ፣ እንደ እኔ ያለች ሰብሳቢ ስትመጣባችሁም በሩን በእሷ ላይ ዝጉባት እላቸዋለሁ። ከዚያ በፊት መጋዘኑን ከፍተው ለእኛም ለገደብ ሴቶችም ቫይታሚኑን ካደሉ ግን ስለ እርስዎ ጥሩ ጥሩውን አወራለሁ፤ ወሬ እንደማያልቅብኝ ያውቃሉ። ስለ ራሴ የምናገረው ግን አይለወጥም።

የመጋዘኑ ቁልፍ ኪስዎን እንዳይቀድብዎ እየተመኘሁ፣ ለደግነትዎ ወሰን ያጣሁለት፣ በጥፋትም የሥራ ባልደረባዎ የሆንኩ፣
መሰለች እንግዳ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ዛሬ ጠዋት በመጋዘኑ በኩል ሳልፍ ከበሩ ሥር አንድ አይጥ ብቅ አለ። እንዲህ ያለ አይጥ አይቼ አላውቅም፤ ጠጉሩ ያብረቀርቃል፣ ዓይኑ ጥርት ያለ ነው፣ እግሩም ቀጥ ያለ፤ የቫይታሚን ፓኬት ቁራጭ በአፉ ይዞ ሳይቸኩል አለፈኝ። ርክክቡ እኛ ሳንጠራ ተፈጽሞ ከሆነ ለተረካቢዎቹ እንኳን ደስ አላችሁ ይበሉልኝ።