ማታ ማታ ምን ያያሉ?

ኅዳር 4፣ ማክሰኞ

የሁለት ሚዜዎች ቀሚስ ቆርጬ ዋልኩ። ሾፌሩ ባሌ ጡረታ ከወጣ ስድስት ወሩ... ከቴሌቪዥኑ ፊት አይነሳም። አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሲያጫውት የኖረ ሰው፣ አሁን ቃል ከአፉ አይወጣም። "ሻይ ላፍላ?" "እህ።" "ዝናብ መጣ እኮ።" "እህ።" ያገባሁት ሰው ነው ሶፋ?

ገበያው ጋ ለስፌትም ለማደሪያም የሚሆን ክፍል አይቻለሁ። አከራይዋ እስከ ሌላው አርብ እጠብቅሻለሁ ብላለች። የስፌት መኪናዬን ይዤ ልውጣ? ሠላሳ ዓመት አንድ ክፍል ውስጥ ኖረን...

ኅዳር 6፣ ሐሙስ

ከዝምታው ለመሸሽ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ። ስፓኒሽ። ለምን ስፓኒሽ? ቦታ የቀረው እሱ ብቻ ነበራ! ማታ ከቤት ልወጣ ስል ባሌ ኮቱን ደርቦ በሩ ላይ ቆሟል።

"ወዴት?"

"አንቺ ወደምትሄጂበት።"

ጉድ እኮ ነው! ከሱ ልሸሽ ብዬ ይዤው ሄድኩ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ዛሬ "በትርፍ ጊዜዬ ምን እወዳለሁ" ተማርን። አብሮን የሚማረው ዳቦ ጋጋሪ መዋኘት አለ። እኔ ዘፈን መስማት። ባሌ፣ "ምንም።" መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

እንዴት ብዬ ልጻፈው...

መምህሯ ተራ በተራ ጠየቀችን፤ ማታ ማታ ምን ያያሉ? ጋጋሪው ኳስ አለ። እኔ ተከታታይ ድራማ። ሾፌሩ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ብድግ አለ። በስፓኒሽ፣ ባለችው ሃያ ቃል፣ "ሚስቴን አያለሁ።"

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሯ፣ "ጋሼ፣ ጥያቄው እኮ ስለ ቴሌቪዥን ነው።"

"ገብቶኛል። ቴሌቪዥን ክፍት ነው። አላይም። ሚስቴ ትሰፋለች። እጇን አያለሁ። እወዳለሁ።" ቁጭ አለ።

ወደ ቤት ስንመለስ፣ "እስከ ዛሬ ምነው ሳትነግረኝ?" አልኩት።

"በራሳችን ቋንቋ ያሳፍራል።"

"በስፓኒሹስ?"

"ማፈር ምዕራፍ ሰባት ላይ ነው፤ ገና አልደረስንም።"

መንገድ ላይ በሳቅ ፈረስኩ። ቤት ገብቼ ደግሞ አለቀስኩ። ያ ሁሉ ማታ እኔን ነበር የሚያየው?

ኅዳር 14፣ አርብ

አከራይዋን ክፍሉን ለሌላ ስጪው አልኳት። ምነው ብትል ምን እላታለሁ? ደግነቱ አልጠየቀችኝም።

ኅዳር 15፣ ቅዳሜ

ቴሌቪዥኑ አልተከፈተም። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠና በግልጽ ያየኝ ጀመር። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ኮረዳ አፈርኩ። የአንዷ ሚዜ እጅጌ ተጣመመብኝ። ሦስት ጊዜ ፈታሁት።

"ልነሳልሽ?" አለኝ።

"ተቀመጥ" አልኩት።